የሚጠፋ ማሞቂያና ስንዝር መስኮት

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች የግድግዳ ሰዓት ሊገዙልኝ አስበው ነበር። እኔ ግን "ሰዓትስ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለልኝ፤ ከሰጣችሁኝ መጋዘን የተጣለውን አሮጌ የጋዝ ማሞቂያ ስጡኝ" አልኳቸው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"እትዬ ተዋቡ፣ አንዲት ዶሮ የለዎት፣ የጫጩት ማሞቂያ ምን ያደርግልዎታል? ወይስ እርስዎ ራስዎ ዕንቁላል ሊታቀፉ ነው?"

እሱ ይሳቅ። ልጄ እናንዬ ሞጣ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደውም በነሐሴ ነበር። የሞጣን ነሐሴ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ያልበዋል፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም። አራስ ልጄን ብርድ ይመታብኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ማሞቂያውን አጥቤ፣ ጠርጌ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከቢቸና በሚኒባስ ላክሁላት። ለአማቼ ለጌትነትም በስልክ "ሳሎን ይሁን፤ መስኮቱን ስንዝር ክፈቱለት" ብዬ ነገርኩት። አንድ ጊዜ ነገርኩት።

እናንዬ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ወለደች። በተገላገለች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ።

"እማ፣ ያ የላክሽው ማሞቂያ አስቸገረን። ይለኮሳል፣ ትንሽ ይነዳል፣ ከዚያ ድርግም! ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲያደርገን ከረመ። ትናንት ማታ ግን ጌትነት ዘዴ አበጀለት፤ አሁን እንኳ አይጠፋም።"

"ምን ዘዴ?"

"የምትጫነዋን ቁልፍ በሽቦ ጠፍሮ አሰራት። ቤቱ አሁን ምድጃ ሆኗል። ብቻ ራሴን ይወቅረኛል፤ የወሊድ ነው መሰለኝ። ልጅቷም ዛሬ ጡት አልያዝ ብላ ትተኛለች።"

ለሌላ ሰው ይህ የተበላሸ ዕቃ ወሬ ነው። እኔ ግን ያን ሽቦ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ሞጣ፣ ያንኑ ማሞቂያ፣ ያችኑ ቁልፍ በገዛ እጄ አስሬያታለሁ። ያን ቀን ጠዋት በስልክ ምን እንዳደረግሁ ለመናገር ሥራዬን ከመጀመሪያው ማንሳት አለብኝ።

*

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የእናንዬ አባት ልጅቷ ጡት ሳትጥል ስላረፈ፣ ቢቸና ከተማ ዳር ባለ የጫጩት ማሳደጊያ ጽዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለሁለት ሰው አፍ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም። ማሳደጊያው በካርቶን ተጭነው የሚመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተቀብሎ፣ ላባ እስኪያወጡ አሳድጎ ለገበሬ የሚያከፋፍል ነው።

ፈሪ ሰው ነኝ። የቤቴን መቀርቀሪያ ሳልነካካ አልተኛም፤ ከተኛሁም ተነስቼ እንደገና እነካዋለሁ። ልጄ ስታስል እኔ ነኝ የሚያመኝ። ጎረቤቶቼ "ተዋቡ ጥላዋን አይታ ጃንጥላ ትዘረጋለች" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለጫጩት ግን ፈሪ ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ አለቃዬ አንድ ቀን መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ የረጠበች ጫጩት በነጠላዬ ጫፍ ሳደርቅ አየችኝ። "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው" አለች። ሹመቴ ይህ ነበር፤ ወረቀቱ የመጣው ከብዙ ወር በኋላ ነው።

ጫጩት ማንበብ ተማርኩ። ሲበርዳቸው ማሞቂያው ሥር ተደራርበው ይጮኻሉ፤ ጩኸታቸው ቀጭንና የሚወጋ ነው። ሲሞቃቸው ክንፋቸውን ከፈት አድርገው ወደ ዳር ይሸሻሉ። ከአንድ ወገን ነፋስ ሲገባባቸው ሁሉም በሌላው ወገን ይከማቻሉ። ሲመቻቸው እንደ ተበተነ እህል በሰጋቱራው ላይ ይዘራሉ፤ ድምፃቸውም ለስላሳ ይሆናል፤ እርስ በርስ የሚያወሩ ይመስላል። የሙቀት መለኪያ ግድግዳው ላይ ነበር፤ እኔ ግን መለኪያውን ያየሁት ጫጩቶቹን ካየሁ በኋላ ነው።

መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የምናሞቀው በጋዝ ነበር። ማሞቂያው ሦስት እግር አለው፤ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ፊቱ እንደ ማር እንጀራ የተቀዳደደ ሸክላ ነው። ሲነድ ሸክላው ይቀላል። እሳቱ ዳር አንዲት የመዳብ ዘንግ አለች፤ እኛ ጣት እንላታለን። እሳቱ ሲነካት ትሞቃለች፤ እሷ እስከሞቀች ድረስ የጋዙ በር ክፍት ይሆናል፤ ከቀዘቀዘች በሩ ይዘጋና እሳቱ ይጠፋል። ሲለኮስ ጣቷ እስክትሞቅ ድረስ አንዲት ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ሁሉ ነገር ይኸው ነው። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ይስማው ናቸው።

ጋሽ ይስማው የቢቸናን ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሐኪም ቤት ዕቃ ሁሉ የሚጠግኑ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር አሉ፤ ከዚያ የቀረላቸው ትዕግሥቱና ጭራው ነው። ያ የዝንብ መከላከያ ጭራ ከእጃቸው አይለይም። መጀመሪያ ያየኋቸው ማሞቂያው እየጠፋ ያስቸገረን ጊዜ ነው።

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ይጠፋል ጋሼ።"

"ሲጠፋ አይተሽዋል?"

"ጠፍቶ አገኘሁት እንጂ።"

"እንግዲያው አላየሽም። ቁጭ በይ።"

ለኮሱት፤ ሁለታችንም የካርቶን ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥን። ምንም አልነኩም። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እሳቱን ብቻ ያያሉ። እኔ ዝም ማለት አልችልምና "ጋሼ፣ ጎማው ይሆን እንዴ? ወይስ..." ስል በጭራው እጄን ነካ አደረጉኝ። "ዝም። እሱ እየተናገረ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከላይ ትናገሪያለሽ።"

እኛ እያየነው የእሳቱ አንድ ጎን ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ዞረ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከጣቷ ራቅ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማና ጠፋ።

"አየሽ? አሁን ታመመ ማለት ትችያለሽ። እስካሁን ሐሜት ነበር" አሉኝ።

ያን ቀን ጥፋቱ የጋዝ ማውጫዋ ነበር፤ ከመርፌ ዓይን የጠበበች ቀዳዳ ናት፤ የጫጩት ብናኝ ገብቶባታል። እኔ መርፌ ይዤ ሮጥኩ። "መልሺ!" አሉኝ። "መርፌ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ከዚያ ሆዳም ትሆንና ጥላሸት ትተፋለች።" ከጭራቸው አንዲት ፀጉር ነቀሉና በቀዳዳዋ አሾልከው አወጧት። ብናኙ ተከትሎ ወጣ። ማሞቂያዎቹ ብዙ ስለነበሩ አለቃዬ "የጋሽ ይስማው ጭራ መላጣ ሊሆን ነው፤ በሚቀጥለው በጀት ፈረስ እንገዛላቸዋለን" ትል ነበር።

ጎማው ጋዝ ያፈስ እንደሆን የሚያዩት በሳሙና አረፋ ነው፤ ሳሙና ከሌለ እንዶድ ደቁሰው በአረፋው ጎማውን ይቀቡታል፤ የሚያፈስበት ቦታ ላይ አረፋው ይነፋል። "በክብሪት የፈለገ ሰው አገኘሁ ብሎ ለመናገር አይደርስም" ይሉ ነበር። ለማንኛውም ለሚጠፋ እሳት ሦስት ጥያቄ ነበራቸው፤ እንደ ጸሎት በቃሌ እንድይዘው አደረጉኝ። ምን በላ? ምን ተነፈሰ? ማን ነካው? ጋዙን፣ አየሩን፣ ሰውን ማለታቸው ነው። "በቅደም ተከተል ጠይቂ፤ አንዱን ዘለሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። እሳት በከንቱ አይጠፋም።"

*

እናንዬ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሞጣ አዲስ ማሳደጊያ ተከፈተና እኔ የአንዱ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተዛወርኩ። ስሄድ ጋሽ ይስማው ከጭራቸው አንድ ቁንጮ ቆርጠው በክር አስረው ሰጡኝ። "ፈረስሽን ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ።

የሞጣው አለቃችን አቶ ደምስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። ሪፖርት ይወዳሉ። የመጀመሪያው ጫጩት የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የግንደወይን ገበሬዎች ቀድመው ተመዝግበው ጫጩቱን ይጠብቁ ነበር፤ አቶ ደምስም "እትዬ ተዋቡ፣ ስማችን በዚህ ዙር ነው የሚተከል" እያሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ።

ከጫጩቶቹ በፊት ቤቱን አዘጋጀሁ። መስኮቱን በላስቲክ ለጠፍኩት። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ደፈንኩ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በማዳበሪያ ጠቀጠቅሁት። በበሩ ሥር አሮጌ ቀሚሴን ጠቅልዬ ሸጎጥኩ። ነፋስ የሚባል እንዳይገባ አድርጌ ስጨርስ አቶ ደምስ ገብተው ዞረው አዩና "ይህ ነው እናትነት!" አሉ። እኔም ኮራሁ። እኛ አገር ሕፃን ያለበት ቤት መስኮት አይከፈትም። እናቴ እንዲህ ነበር ያሳደገችኝ፤ እኔም እናንዬን እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ማሞቂያው መጥፋት ጀመረ። ለኮስኩት፤ ትንሽ ነድዶ ጠፋ። ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና አየሁት። እሳቱ ቢጫ ሆነ፤ ከጣቷ ሸሸ፤ ቀጭ። ምን በላ? ሲሊንደሩን ነቅንቄ አየሁት፤ ሙሉ ነው። ጎማውን በአረፋ ቀባሁት፤ አያፈስም። ማውጫዋን በጭራው ፀጉር አጸዳኋት። ጣቷን በጨርቅ ወለወልኳት። ለኮስኩት፤ ጠፋ።

ምን ተነፈሰ? ይህን ጥያቄ ዘለልኩት። አልረሳሁትም፤ ዘለልኩት። መልሱ መስኮት ክፈቺ እንደሚሆን ሆዴ ያውቅ ነበር፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም። ውጭ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል፤ ለነዚያ ሚጢጢ ፍጥረቶች መስኮት መክፈት ለእኔ መግደል ነበር።

ጫጩቶቹም ነግረውኝ ነበር። እሳቱ በጠፋ ቁጥር ሮጬ ስገባ ማሞቂያው ሥር አልተደራረቡም፤ አልጮኹም። እዚህም እዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ይህ የብርድ መልክ አይደለም። ፍርሃቴ ግን ብርድ ነው ብሎ አነበበው። ቤቱን ይበልጥ ደፈንኩት።

አመሻሽ ላይ አቶ ደምስ መጡ። "አሁንም ይጠፋል? እትዬ፣ አንድ ነገር ያድርጉ እንጂ!" ብለው ወጡ። እኔ ሽቦ ፈለግሁ። ቁልፏን ወደ ውስጥ ተጭኜ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኳት። ጣቷ ብትቀዘቅዝም በሩን መዝጋት እንዳትችል። ማሞቂያው አልጠፋም። እፎይ አልኩ። ምን እንዳሰርኩ ሳላውቅ እፎይ አልኩ።

እናንዬ በዚያ ሰሞን ሠርክ ሠርክ እየመጣች እግሯን ማሞቂያው ፊት ትዘረጋ ነበር። ያን ዕለት "እማ፣ ዛሬ ከጫጩቶቹ ጋር ልተኛ" ብላ ለመነችኝ። "የዶሮ ቅማል ይወርስሻል፤ ነይ ከዚህ" ብዬ ጎትቼ ወደ ክፍላችን ወሰድኳት። ቅማል ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ንጋት ላይ በሩን ስከፍት ምንም ድምፅ አልነበረም። ማሞቂያው ቀልቶ ይነዳል። ጫጩቶቹ በሰጋቱራው ላይ እንደ ተበተነ እህል ተዘርግተዋል፤ ልክ እንደተመቻቸው ጊዜ። አንዷን አነሳሁ፤ አንገቷ በጣቴ ላይ ወደቀ። ሌላዋን አነሳሁ። ሌላዋን። ራሴን ማዞር ሲጀምረኝ በሩን ሳልዘጋ እየተንገዳገድኩ ወጣሁና ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወት የተረፉት ከበሩ አጠገብ፣ ከቀሚሴ ሥር በምትገባ ቀጭን አየር ጉሮሯቸውን ያራሱ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

አቶ ደምስ ሪፖርቱ ላይ "በበሽታ ምክንያት" ብለው ጻፉ። እኔ ሽቦውን ፈትቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ከግንደወይን የመጡት ገበሬዎች ባዶ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ሲመለሱ በመጋዘኑ በር ስንጥቅ አየኋቸው።

ጋሽ ይስማው በሳምንቱ ከቢቸና መጡ። የተጠሩት "ማሞቂያ ይጠግኑ" ተብለው ነው። ቤቱ ውስጥ ገቡ፤ ማሞቂያውን አላዩትም። ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። ከዚያ ማሞቂያውን ለኮሱና ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ነደደ። ቆየ። አልጠፋም። ከኪሴ ሽቦውን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ሽቦውን እያገላበጡ አዩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አየር ሲያጥረው እሳቱ ይታፈናል፤ ከጣቷ ይሸሻል፤ እሷም ትዘጋዋለች። ይህ ቤት አየር የለውም፤ ውጡ ማለቷ ነበር" አሉኝ። "ዘበኛ ነበረች ልጄ። ዘበኛዋን አስረሽ ሌባውን ከልጆችሽ ጋር ቆለፍሽው።"

"ብርድ ፈርቼ ነው ጋሼ።"

"አውቃለሁ። የፈራሽው ብርዱን ብቻ ስለሆነ ነው።" ሽቦውን መለሱልኝ። "ይህን ለሰው ንገሪ። ሌላው እንዳይደግመው ንገሪ።"

እነግራለሁ አልኳቸው። ቃሌን በግማሽ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ በሞጣም፣ ተመልሼ በሄድኩበት በቢቸናም፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር "መስኮት ስንዝር ይከፈት፤ ቁልፍ አይታሰር" ብዬ አስተምሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ይስማው አርፈው እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንዬም። ያ ማሞቂያ በኋላ ከሞጣ ወደ ቢቸና መጋዘን መጥቶ ነበር፤ ለጡረታዬ የጠየቅሁት ለብርዱ ብዬ ብቻም አልነበረም፤ ሌላ ሰው እጅ እንዲገባ ስላልፈለግሁ ነው። ከዚያ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ለልጄ ላክሁላት።

*

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። "እናንዬ፣ ስሚኝ" አልኩ። "ማሞቂያው የት ነው ያለው? ሳሎን?"

"አይ፣ መኝታ ቤት አስገባነው። ሳሎኑ ይበርዳል።"

"መስኮቱስ?"

"ተደፍኗል እማ፣ አትስጊ። እማማ ጥሩነሽ በጨርቅ ጠቅጥቀውታል።"

"አሁኑኑ ልጅሽን ታቀፊና ከዚያ ክፍል ውጪ። ማሞቂያውን እንዳትነኪው፤ ውጪ ብቻ። ስልኩን ለእመት ጥሩነሽ ስጫቸው።"

እመት ጥሩነሽ የጌትነት እናት ናቸው። አራስ በማረስ የታወቁ፣ ቃላቸው የማይመለስ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ከሩቅ መጣ፤ "የት ነው የምትወጪው አንቺ? ተኝ!" ከዚያ ስልኩን ተቀበሉ።

"እመት ተዋቡ፣ እንዴት አደሩ? ምነው ልጅቷን አስደነገጧት?"

"እመት ጥሩነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን መስኮት ይክፈቷት። በሩንም። አራሷ ከነልጇ ወደ ውጭ ትውጣ።"

"ምን?"

"መስኮቱን።"

"በአሥራ ሁለተኛ ቀኗ? በዚህ ዝናብ? ኧረ በስመ አብ! እርስዎ አይደሉም እንዴ በየቀኑ እየደወሉ ዝጉ፣ ዝጉ፣ በር ዝጉ፣ ብርድ እንዳይመታት የሚሉን? ጆሮዬን እኮ አደነቆሩት!"

እውነታቸውን ነው። ክፈቱ ያልኩት አንድ ጊዜ ነው። ዝጉ ያልኩት በየቀኑ ነው። የሰሙኝ አብዝቼ ያልኩትን ነው።

"ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ይክፈቱ።"

"አልከፍትም። አሥር አራስ አርሻለሁ፤ አንዷንም ነፋስ አልነካብኝም። የእርስዎ ልጅ ናት ብዬ ይበልጥ እየተጠነቀቅሁ፣ ደግሞ..."

ያን ጊዜ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። የመኪና መንገድ በመካከላችን አለ፤ እጄ አይደርስም። ትእዛዜን አይሰሙም። ዝም ያልኩት ነገር ብቻ ቀረኝ።

"እመት ጥሩነሽ" አልኩ፤ "በዚያ ማሞቂያ አንድ ቤት ሙሉ ፍጥረት ፈጅቻለሁ። እዚያው ሞጣ ነው። መስኮቱን እንደ እርስዎ ደፈንኩ። ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር ይበልጥ ደፈንኩ። እንደ ጌትነት ቁልፉን በሽቦ አሰርኩ። ጠዋት ስገባ ጫጩቶቹ ተኝተው ነበር፤ እንዳሁኗ ሕፃን ነው የተኙት። ብርድ አልነካቸውም። በሽታ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ። እናንዬም ያን ሌሊት እዚያ ልትተኛ ለምናኝ ነበር። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለእርስዎ መናገሬ ነው። የተቃጠለ አየር ሽታ የለውም፤ ራስ ያማል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ አያስነሳም። እርስዎንስ ራስዎን አያምዎትም?"

ቀስ ብለው "ከጠዋት ጀምሮ ይወቅረኛል" አሉ።

ከዚያ ስልኩ የሆነ ቦታ ላይ ተጣለ። የእግር ኮቴ ሰማሁ። "ጌትነት! ጌትነት! ና ይቺን መስኮት ስበር! አንቺ ልጄን ይዘሽ ውጪ፤ ጋቢ ደርቢ፤ ቶሎ!" ጨርቅ ሲጎተት፣ እንጨት ሲጮህ፣ መስኮቱ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ዝናቡን በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ ሕፃኗ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ጌትነት ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘግቶ ስልኩን አነሳ። "እማማ፣ እንዳይበርዳት ብዬ ነው" እያለ ይማልልኛል። "አውቃለሁ ልጄ፤ አሁን ሦስቱንም ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው" አልኩት። ወሰዳቸው። ነርሷ ቀኑን ሙሉ አቆየቻቸው፤ ማምሻውን "ደኅና ናቸው፤ ትንሽ ቢቆዩ ግን..." ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሸኘቻቸው።

*

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። እናንዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። መስኮቱ ስንዝር ተከፍቷል። አቅፌያት ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ነጠላዬን አጣፋሁና ማሞቂያውን ወደ ሳሎን አስወጣሁት።

ሽቦውን በጉጠት ፈታሁ። ጣቷ በጥላሸት ጠቁራ ነበር፤ እስክታበራ ወለወልኳት። ከቦርሳዬ በክር የታሰረውን ቁንጮ አወጣሁ፤ የቀረው ጥቂት ፀጉር ነው። አንዷን መዝዤ ማውጫዋን አጸዳሁ። ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀባሁ። ጌትነት ሁሉንም አጠገቤ ቆሞ ያያል።

"አሁን ተስተካከለ?" አለኝ።

"አላውቅም። ቁጭ በል።"

የሳሎኑን በርና መስኮት ስንዝር ስንዝር ከፍተን ለኮስኩት። ሁለታችንም በርጩማ ስበን ተቀመጥን። እመት ጥሩነሽም መጥተው ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም ተቀመጡ። ጌትነት ሊያወራ አፉን ሲከፍት "ዝም" አልኩት። እሳቱ ሰማያዊ ነው። ጣቷን አቅፎ ይዟል፤ አይርቅም። ሸክላው ቀላ። ጠበቅን። አልጠፋም።

ለጌትነትና ለእናንዬ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ሽቦውንም ፊርማውንም። እናንዬ "ቅማሉንስ አስታውሳለሁ" አለች። ማሞቂያው ከሳሎን እንዳይወጣ፣ ሰው ሲተኛም ከሲሊንደሩ እንዲዘጋ ተስማማን። ጌትነት ሽቦውን በሩ ላይ በምስማር ሰቀለው፤ ማንም ገብቶ "ይህ ምንድን ነው?" እንዲል ፈልጎ ነው። እንዲል እኔም እፈልጋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከሕፃኗ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ልጅቷ አነጠሰች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድመት ግልገል። ሳላስበው ብድግ ብዬ ልዘጋው እጄን መስኮቱ ላይ አደረግሁ።

ከኋላዬ እመት ጥሩነሽ እጄን ቀብ አደረጉኝ።

"እመት ተዋቡ!" አሉ። "እጅዎን ያንሱ። ቤቱ ይተንፍስ።"

እጄን አነሳሁ። ሕፃኗን በጋቢ ደርቤ አቀፍኳት።